ባነርሎርድ ላይ ከምንም ተነስቶ ንጉሥ እስከ መሆን፡ እንዴት እንደሚኬድ

ደሴ ውስጥ ጌም ቤት ከገባችሁ የምታገኙት ኳስ ነው፣ ስለዚህ ማውንት ኤንድ ብሌድ ባነርሎርድ የሚባለውን የጦርነት የኮምፒውተር ጌም የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም፣ ቤት ቁጭ ብዬ በዩዝድ ላፕቶፕ ነው የለመድኩት፣ ሦስት ጊዜ ከዜሮ ጀምሬያለሁ። እናንተ እንዳትደክሙ ብዬ ነው የምጽፈው።

ላፕቶፓችሁ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ሴቲንግ ገብታችሁ ባትል ሳይዝ (አንድ ውጊያ ላይ የሚታየው የወታደር ብዛት) 200 አድርጉት። ካራክተር መፍጠሩ ላይ አትጨነቁ፣ ደስ ያላችሁን ምረጡና ግቡ።

ከዛ ከየመንደሩ አስር አስራ አምስት ምልምል ሰብስባችሁ ሉተሮችን (ተራ ዘራፊዎችን) አሳዱ፣ ድንጋይ ከመወርወር ያለፈ ብዙ አቅም የላቸውም፣ የማረካችሁትን ዕቃ ከተማ ወስዳችሁ ሽጡ። ቶርናመንት (የውጊያ ውድድር) ያለበት ከተማ ካገኛችሁ አትለፉ፣ ካሸነፋችሁ ሬናውን (የዝና ነጥብ) አለው፣ በየዙሩ በራሳችሁ ላይ እስከ 150 ዲናር (የጌሙ ገንዘብ) ማስያዝም ይቻላል። ውጊያ ላይ ኤፍ1 ኤፍ3 ነክቶ ሁሉንም መልቀቅ የሚባለውን ነገር እኔ አልወደውም፣ ቀስተኞቻችሁን ኮረብታ ላይ አቁሙና ጠላት ራሱ ይምጣ፣ ደሴ አጠገብ ያለውን ሐረጎን በእግሩ የወጣ ሰው ዳገት ጉልበት እንዴት እንደሚጨርስ ያውቃል።

ሬናውን 50 ሲሞላ ክላናችሁ (ቤተሰባችሁ) ቲር 1 ማለትም ደረጃ አንድ ይሆናል፣ መርሰነሪ (ቅጥር ተዋጊ) ሆናችሁ በገንዘብ መዋጋት ትችላላችሁ። 150 ላይ ቲር 2 ነው፣ እዚህ ጋ ለአንድ ንጉሥ ምላችሁ ቫሳል (የሱ መኳንንት) መሆን ይፈቀዳል። በናታችሁ እዚህ ጋ አትማሉ።

እኔ ምያለሁ። 150 በሞላ ቀን ቭላንዲያ የሚባለው መንግሥት ሄጄ ለንጉሡ ለደርተርት ማልኩ፣ ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት መንግሥት የባታኒያ ጠረፍ ላይ ያለ ካስል (ምሽግ) ለኔ ተሰጠኝ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መቶ ወታደር ውስጡ አስቀመጥኩ። ካስል እኮ እንደ ከተማ ገቢ የለውም፣ የወታደሩ ደሞዝ ግን በየቀኑ ይቆረጣል፣ ከስሩ ያሉትን መንደሮች ደግሞ ባታኒያዎች አቃጠሏቸው፣ ቀን በተቀየረ ቁጥር ከ800 ዲናር በላይ ሲቀነስ ቀዩን ቁጥር እያየሁ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ብሩ ሲያልቅ ወታደሩ መክዳት ጀመረ። በመጨረሻ ካስሉም ሄደ እኔም ተማረክሁ፣ የሳምንት ልፋት በአንድ ማታ።

ስለዚህ መርሰነሪ ሆናችሁ ቆዩ። የምታገኙት ኢንፍሉዌንስ (የተሰሚነት ነጥብ) በየቀኑ ወደ ዲናር ይቀየርላችኋል፣ የምትጠብቁት ካስል የለም፣ ትልልቅ ጦር አጠገብ እየተዋጋችሁ ምርኮኛ ትሸጣላችሁ። መጠጥ ቤት እየዞራችሁ ሕክምና የሚያውቅ ሰው ቅጠሩና ሰርጅን (የጦሩ ሐኪም) አድርጉት፣ ስቲዋርድ (የአስተዳደር ችሎታ) ያለውን ደግሞ ኳርተርማስተር (የስንቅና የዕቃ ኃላፊ)፣ እነዚህ ሁለቱ ከማንኛውም ውድ ሰይፍ ይበልጣሉ። ከጠረፍ የራቀ ከተማ ላይ ወርክሾፕ ግዙ፣ ግን ዙሪያው ያሉት መንደሮች የሚያመርቱትን አይታችሁ፣ ሱፍ ካለ የሱፍ ሽመና ነው የሚያዋጣው። የኛው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እንኳን ንጉሥ የተባሉት እኤአ በ1914 ነው፣ ከዛ በፊት ስንት አስርት ዓመት ራስ ሆነው ኖረዋል።

መማል ያለባችሁ ሬናውን 350 ሞልቶ ቲር 3 ስትገቡ፣ ኪሳችሁም ውስጥ ቢያንስ 50,000 ዲናር ሲኖር ነው። መሬት ሲከፋፈል በድምፅ ነው፣ የጠረፍ ካስል ከመጣ ኢንፍሉዌንሳችሁን ለሌላ ሰው ስጡና ከተማ ጠብቁ።

የራስ መንግሥት ለማወጅ ቲር 4 ያስፈልጋል፣ ሬናውን 900 ማለት ነው፣ ከማንም ስር ሳትሆኑ ከተማ ወይም ካስል መያዝም አለባችሁ። ብቻችሁን ካወጃችሁ ግን ከየአቅጣጫው ነው የሚመጡባችሁ፣ ሌሎች ክላኖችን ለማስመጣት ብዙ መቶ ሺህ ዲናር ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ እሱን ሳትይዙ አትሞክሩት። እና ከትልቅ ውጊያ በፊት ሁሌም ሴቭ አድርጉ፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም።