በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የተከልነው የተራራ አበባ ለምን ይሞትብናል? ችግርና መፍትሄ

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ደጄ ላይ የነበረውን ሣር ነቅዬ፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በጎናቸው አቁሜ፣ በመሃላቸው የተራራ አበባ ተክያለሁ። የቼክ አገር ሰዎች ያስፋፉት ዘዴ ነው። የዴንቨር ዕፅዋት መናፈሻ ያለውን የተራራ አበባ ሳየው ቀላል መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ግማሹ ሞተብኝ።

በረዶው ሲያልፍ አንገቱ በስብሶ ይገኛል

ላዩን ስታዩት ደህና ነው። በጣት ነካ ስታደርጉት ግን እንደ ቆብ ተነስቶ እጃችሁ ላይ ይቀራል፤ ከታች ቡናማ ሆኖ ላሽቋል። ሰው ሁሉ "ብርድ ገደለው" ይላል። ብርድማ አገሩ ነው! ሰሜን ተራራ ላይ ጅብራን ያየ ሰው ይህን አያጣውም። የገደለው አንገቱ ላይ፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት፣ የተኛ ውሃ ነው። ተራራ ላይ ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ይወርዳል፤ ሥሩ ታች እርጥበት ያገኛል፣ አንገቱ ደረቅ ይሆናል። እኔ ግን ስንጥቁን በጥቁር አፈርና በኮምፖስት ጠቅጥቄው ነበር። ለጎመን ምርጥ፣ ለዚህ መርዝ።

አፈሩን አውጡና ሻካራ አሸዋ ከጥቂት አፈር ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉበት። ዱቄት የመሰለ አሸዋ አይሆንም፣ ይጠጥራል። አንገቱ ዙሪያ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጠጠር አልብሱት። ቦታው ራሱ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ግን ከመሬት ከፍ አድርጎ እንደገና መሥራት ነው፤ አቋራጭ የለውም።

ውሃ እየጠጣ ይደርቃል

ነቅላችሁ እዩት። ሥሩ አሁንም የገዛችሁበትን ፕላስቲክ ቅርጽ ይዟል። የችግኝ ጣቢያው አፈር አንዴ ከደረቀ ውሃ አይቀበልም፤ ያጠጣችሁት በዙሪያው አሸዋ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ አፈሩን ከሥሩ እጠቡ፣ ሥሩን ወደ ታች ዘርግታችሁ አሸዋውን በዙሪያው ጠቅ ጠቅ አድርጉ። እኔ የምጠቀመው በማንኪያ እጀታ ነው። ከዚያ ውሃ፣ ለሁለት ሳምንት ጥላ፣ እስኪይዝ ድረስ ደግሞ ሳያቋርጡ ማጠጣት። በሐምሌ ሐሩር አትትከሉ።

ድንጋዩ ይነቃነቃል

ላዩ ላይ ብቻ ስለተቀመጠ ነው፤ መሬቱ በረዶ ሲሠራ ይገፋዋል። ቢያንስ ግማሹ ከመሬት በታች ይግባ፣ በትንንሽ ድንጋይም እንደ ሽብልቅ ወጥሩት። ቆማችሁበት ከተወዛወዘ አልጨረሳችሁም።

ተክሉ ክብ መሆን ሲገባው ወደ ላይ ይመዘዛል

ጥላ ወይም ማዳበሪያ በዝቶበታል። ማዳበሪያውን ተዉት።

አረም

ገና ሁለት ቅጠል ሳለ ንቀሉት። ሥሩ ከድንጋዩ ጀርባ ከገባ በእጅ አይወጣም። ባለፈው አንዲት ዳንዴሊዮን ለማውጣት ሦስት ድንጋይ አፍርሻለሁ።