ለአደን ጥይት አረር ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጥይቱን ራሱ የሚሞላ አዳኝ ብዙውን ጊዜ ሐሳቡ ሁሉ ባሩዱ ላይ ነው። ዓይነቱን ያማርጣል፣ ደጋግሞ ይመዝናል፣ ባሩዱንና አረሩን የሚይዘውን ቀለህ አጥቦ ርዝመቱን ያስተካክላል። ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚሄደውን አረር ግን ሱቅ ውስጥ ያገኘውን ወይም ጓደኛው ያመሰገነለትን ያነሳል። እንስሳ ቆስሎ ሲያመልጥ የሚወቀሰው ተኳሹ ነው፤ ጥፋቱ ግን አረሩ በተመረጠበት ቀን የተጀመረ ሊሆን ይችላል።

1. የውድድር አረርን ለአደን ማዋል

የውድድር አረር ያጓጓል። አምስቱንም ተኩስ በአንድ ቀዳዳ ዙሪያ ሲሰበስብለት ያየ ሰው ሌላ አረር መንካት አይፈልግም። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስላላቸው ደግሞ ሥጋ ውስጥ ሲገቡ የሚከፈቱ፣ ማለትም ጫፋቸው ተዘርግቶ ቁስሉን የሚያሰፉ፣ ይመስላሉ። ያ ቀዳዳ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው፤ የመዳብ ልባሱ ከታች ወደ ላይ ተስቦ ሲገጥም ጫፉ ላይ የሚቀር ክፍተት እንጂ አረሩ እንዲከፈት ታስቦ የተበጀ አይደለም። ስለዚህ አንዱ ጨርሶ ሳይከፈት አልፎ ይወጣል፣ ከዚያው ካርቶን የወጣው ሌላው ደግሞ የትከሻ አጥንት ላይ ይበታተናል። አዳኝ በእንዲህ ዓይነት ዕድል ላይ ተመሥርቶ መተኮስ የለበትም።

የመካከለኛ አጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ በግምት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በ100 ሜትር ላይ ተኩሱን 4 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚሰበስብ ጥሩ የአደን አረር ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚሰበስበው የውድድር አረር ለወረቀቱ ይቆይ፤ አምራቹ ለአደን ነው ብሎ ካልጻፈበት በቀር ተዉት።

2. ፍጥነትን አፈሙዝ ላይ ብቻ ማንበብ

አረር የሚከፈተው እንስሳው ዘንድ ሲደርስ በቀረው ፍጥነት ነው። የእርሳስ እምብርትና የመዳብ ልባስ ያለው ተራ አረር ለመከፈት በአብዛኛው በሴኮንድ 550 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ብዙውን ጊዜ ወደ 600 ይጠጋል። ከዚያ ካነሰ ጫፉ ተዘግቶ ይቀራል፣ ቁስሉም ቀጭን ይሆናል።

የላይኛው ወሰንም አለ፤ ይህን ብዙዎች ይረሱታል። ከ.300 ዊንቸስተር ማግነም፣ ኃይለኛ ከሆነው ጥይት፣ 150 ግሬን አረር (ግሬን የአረርና የባሩድ መመዘኛ ነው፤ 15ቱ አንድ ግራም ገደማ ይሆናል) በሴኮንድ ወደ 990 ሜትር ይወጣል። ለስላሳ አረር በዚህ ፍጥነት 30 ሜትር ላይ አጥንት ቢያገኝ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ይፈራርሳል፤ ሰፊ ነገር ግን ጥልቀት የሌለው ቁስል ይተዋል፣ እንስሳውም በሦስት እግሩ ጫካ ይገባል። ያው አረር ደከም ካለው ከ.308 ዊንቸስተር በ850 ሜትር ወጥቶ 200 ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። ስለዚህ አረር ከመግዛታችሁ በፊት ልትተኩሱ የምትችሉበትን የቅርቡንም የሩቁንም ርቀት ጻፉና በሁለቱም ላይ የሚቀረውን ፍጥነት አምራቹ ከሰጠው ወሰን ጋር አስተያዩ። አረሩ አየሩን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሰነጥቅ የሚያሳየው ቁጥር ካታሎጉ ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ ከ300 ሜትር ወዲህ ለሚተኩስ ሰው ግን ትርፉ ትንሽ ነው።

3. ክብደቱን አይቶ አሠራሩን አለመጠየቅ

«180 ግሬን ነው፣ ለምንም ይበቃል» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖዝለር የተባለ አዳኝ ካናዳ ውስጥ ሙስ የተባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን፣ አረሮቹ ጭቃ ከለበሰው ቆዳ ብዙም ሳያልፉ እየተበተኑ አስቸገሩት። ያገኘው መፍትሔ መሐሉ በመዳብ ግድግዳ የተከፈለ አረር ነው፤ የፊተኛው እርሳስ ሲከፈት የኋለኛው ሳይነካ ወደ ውስጥ ይገፋል። በ1948 ፓርቲሽን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ፣ ዛሬም ይሸጣል። ለቀላል አጋዘን በመጠነኛ ፍጥነት ተራው አረር ይበቃል። አጥንተ ወፍራም እንስሳ ወይም ከፍተኛ ፍጥነት ካለ ግን ልባሱና እርሳሱ የተጣበቁበትን፣ የተከፈለውን ወይም ሙሉ የመዳቡን ምረጡ።

ካረዳችሁት እንስሳ ቆዳ ሥር አረር ስታገኙ አትጣሉት። አጥባችሁ መዝኑት። ልባሱ ብቻውን ተገልጦ እርሳሱ ከሌለበት፣ ለዚያ እንስሳ ወይም ለዚያ ፍጥነት ለስላሳ ነበር ማለት ነው። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተከፍቶ ግንዱ ካልተነካ በዚያው ቀጥሉ። የመዳብ አረር ቅጠሎቹ ወደ ኋላ ተጠቅልለው ከ90 በመቶ በላይ ክብደቱን ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው።

4. ክብደታቸው አንድ ስለሆነ በአንድ መጠን መሙላት

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ የሚጎዳው ተኳሹን ነውና። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እርሳስ 11.34 ግራም ሲመዝን መዳብ 8.96 ግራም ይመዝናል። በክብደት እኩል የሆነ የመዳብ አረር ስለዚህ ይረዝማል፤ ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፣ በርሜሉ ውስጥ የሚፈጥረው ሰበቃም የተለየ ነው። ለእርሳሱ አረር ደህና የነበረው የባሩድ መጠን በመዳቡ ላይ ግፊቱን ከመጠን በላይ ሊያደርሰው ይችላል። አረር ስትቀይሩ ለዚያው አረር የታተመውን መረጃ ያዙ፣ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ውጡ። መነሻው ካልተጻፈ ከከፍተኛው 10 በመቶ ዝቅ ማለት የቆየ ልማድ ነው። አጠቃላይ ርዝመቱንም አምራቹ እንዳለው አድርጉ።

ርዝመት በርሜሉንም ይመለከታል። በ12 ኢንች አንዴ ብቻ የሚዞር ቦይ ያለው በርሜል ረጅም አረርን በቅጡ አያሽከረክረውም፤ ወረቀቱ ላይ ክብ ሳይሆን የጎን ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ካያችሁ አረሩ እየተንገዳገደ ነው።

5. የካሊበሩን ስም አምኖ ዲያሜትሩን አለመለካት

የ.308 አረር 7.82 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙ 7.62×39 የሆነው ጠመንጃ ግን በአብዛኛው 7.9 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይፈልጋል፣ ጠባቡን ብትሰጡት አይመታላችሁም። 8×57 ማውዘር ላይ ነገሩ ከመሳት ያልፋል፤ የድሮው በርሜል የ8.08፣ የኋለኛው የ8.20 ሚሊ ሜትር አረር ይወስዳል። ሰፊውን አረር በጠባቡ በርሜል መተኮስ ጠመንጃውን ሊሰብረው ይችላል። አሮጌ ማውዘር ከሆነ በርሜሉን ባለሙያ ያስለኩ።

6. ሹል አረር በቱቦ ካዝና ውስጥ መደርደር

.30-30 የተባለውን ጥይት እንደሚተኩሱት ባሉ፣ ጥይት በርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ በሚይዙ ጠመንጃዎች ጥይቶቹ ጫፍና ጀርባ ገጥመው ይደረደራሉ። የአንዱ ሹል ጫፍ በፊቱ ያለው ጥይት ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው መነሻ) ላይ ያርፋል፣ የተኩሱ ግፊያም ካፕሱሉን ሊያስነሳው ይችላል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ወይም ለዚሁ ተብሎ ለስላሳ ጫፍ የተደረገለት አረር ብቻ ተጠቀሙ።

7. ሙሉ ልባስ ያለውን የጦር ሜዳ አረር መጠቀም

በ1899 የወጣው የሄግ መግለጫ ሰውነት ውስጥ የሚከፈቱ አረሮችን በጦርነት ከልክሏል፤ የጦር ሠራዊት አረር ጫፉ ድረስ ተለብጦ የማይከፈተው በከፊል ለዚህ ነው። በአደን ግን የሚፈለገው ተቃራኒው፣ ፈጣን ሞት ነው። ብዙ አገሮችም ሙሉ ልባሱን ለአደን ይከለክላሉ። እንደ ዝሆንና ጎሽ ላሉት የሚውለው የማይከፈት ጠንካራ አረር ለብቻው ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ከጦር ሜዳው ጋር አትቀላቅሉት።

8. የእርሳስን ሕግ ሳያጣሩ መግዛት

እርሳስ ሲበታተን ጥቃቅን ስብርባሪው ሥጋው ውስጥ ከቁስሉ ራቅ ብሎ ይቀራል፤ በኤክስሬይ በግልጽ ይታያል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በእርሳስ ማደንን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች። ሥጋው ለልጆች የሚቀርብ ከሆነ እኔ ሕጉን ሳልጠብቅ መዳቡን እመርጣለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከላይ ያልኩት የፍጥነት ወሰንና የባሩድ መጠን እንደ አዲስ ይሰላል።