ከኮሙኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ የሊበራል አርትስ ክሬዲት እንዳይባክን

አሜሪካ ውስጥ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ገብቶ፣ ሁለት ዓመት ሊበራል አርትስ (ከቋንቋና ታሪክ እስከ ሳይንስ ያለውን ጠቅላላ ትምህርት) ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ክሬዲቴን ይይዙልኛል?» ብሎ ነው፤ ክሬዲት ማለት እያንዳንዱ ኮርስ ለዲግሪው የሚያስገኘው ነጥብ ነው። መልሱ ባብዛኛው አዎ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዩኒቨርሲቲው 60 ክሬዲት ተቀብያለሁ ይልና ከውስጡ 15ቱን ኢሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ብሎ ያስቀምጣቸዋል። እነዚያ 15 ክሬዲቶች ትራንስክሪፕቱ ላይ ይታያሉ፤ ግን ሜጀሩ (ዋናው የትምህርት መስክ) የሚጠይቀውንም ጀነራል ኤዱኬሽኑንም (ለሁሉም ተማሪ ግዴታ የሆኑትን ኮርሶች) አይሞሉም። ተማሪው ያንኑ ያህል ኮርስ በዩኒቨርሲቲ ክፍያ እንደገና ይወስዳል። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ተብሎ ነው የሚያዝልኝ?» መሆን አለበት፤ መልሱም ከምዝገባ በፊት መገኘት አለበት።

ከመድረሻው ይጀምሩ

አንድም ኮርስ ሳይመርጡ ሊዛወሩባቸው የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን ለይተው ይያዙ። ሜጀር አለመወሰን በራሱ ችግር አይደለም፤ ሊበራል አርትስ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪም ይመቻል። ዩኒቨርሲቲውንም ሜጀሩንም ሳያውቁ ከአንድ ዓመት በላይ መቀጠል ግን ያስከፍላል።

ቨርጂኒያ ያለ ሰው መነሻው ትራንስፈር ቨርጂኒያ የሚባለው ድረ ገጽ ነው። የኮሌጁን ኮርስ ሲያስገቡ በየዩኒቨርሲቲው በየትኛው ኮርስ ቦታ እንደሚያዝ ያሳያል። ሜሪላንድ አርትሲስ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ አሲስት የሚባሉ ተመሳሳይ ገጾች አሏቸው። በተቀባዩ በኩል የኮርስ ቁጥር መሆን በሚገባው ቦታ ኤክስ ወይም «ኢሌክቲቭ» የሚል ካዩ ሳይጠይቁ አይመዝገቡ።

የኮሌጁ አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) ኮሌጁን እንዴት እንደሚጨርሱ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚፈልግ አስተማማኝ መልስ የሚሰጠው ግን የዩኒቨርሲቲው የትራንስፈር አድቫይዘር ነው፤ ሁለቱንም ያነጋግሩ። በቃል የተነገረ ነገር ኋላ ላይ ማስረጃ አይሆንም። ከቢሮ እንደወጡ የተነገረዎትን በሁለት መስመር ኢሜይል ጽፈው ይላኩና መልሱን ያስቀምጡ።

የዝውውር ስምምነቶችንም ቀድመው ያንብቡ። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ) እና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 የጀመሩት አድቫንስ ፕሮግራም በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ የሚገቡበት ነው፤ ሊመረቁ ሲሉ የሚሞላ ፎርም አይደለም። ዩቪኤ (የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ) ከቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጆች ጋር ያለው የተረጋገጠ ቅበላ ስምምነት ለአርትስ ኤንድ ሳይንስስ ኮሌጁ 3.4 ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ይጠይቃል፤ ተማሪው የኮሙኒቲ ኮሌጅ ዲግሪውን መጨረስና የተዘረዘሩ ኮርሶችን ማሟላትም አለበት። ስምምነቶች በየጊዜው ስለሚታደሱ እርስዎ የገቡበትን ዓመት ቅጂ አውርደው ይያዙ።

የዲግሪው ስም ልዩነት አለው

አሶሼት ኦፍ አርትስ እና አሶሼት ኦፍ ሳይንስ ለዝውውር የተሠሩ የሁለት ዓመት ዲግሪዎች ናቸው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ግን ተማሪውን በቀጥታ ወደ ሥራ ለማስገባት የተዘጋጀ ስለሆነ ብዙ ኮርሶቹ ዩኒቨርሲቲ ላይ ቦታ አያገኙም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው በስህተት ይገባበታል፤ የተመዘገቡበትን ፕሮግራም ሙሉ ስም ፖርታሉ ላይ ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

ኮርስ አመራረጥ

አንድ ሊበራል አርትስ ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ነው፤ ኢንግሊሽ፣ ሂሳብ፣ ታሪክ፣ ሂውማኒቲስ፣ ሶሻል ሳይንስ፣ ላብ ያለው ሳይንስ እና ብዙ ጊዜ የውጭ ቋንቋ ይዟል። ለጀማሪ የሚመች የመጀመሪያ ሴሚስተር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ ኢንግሊሽ 111፣ አንድ ሂሳብ፣ አንድ ታሪክ እና ሶሲዮሎጂ ወይም ሳይኮሎጂ፣ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት፤ ከዚያ 1 ክሬዲት ያለው ኤስዲቪ 100 (ስለ ኮሌጅ አጠናን የሚሰጥ ኮርስ)፤ በጠቅላላው 13። ባለ 4 ክሬዲቱን ላብ ሳይንስ ለሁለተኛው ሴሚስተር ያቆዩት። ላቡ ተጨማሪ ሰዓት ይወስዳል፤ የሪፖርት አጻጻፉም ለአዲስ ሰው ከባድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሂሳብ ላይ ነው። በቨርጂኒያ ኮሌጆች ኤምቲኤች 154 ቀለል ያለና ለብዙ የሂውማኒቲስ ሜጀሮች የሚበቃ ነው። ነገ ሳይኮሎጂ ወይም ሶሲዮሎጂ ለሚመርጥ ሰው ስታቲስቲክስ፣ ማለትም 245፣ ይሻላል። ኢኮኖሚክስ ወይም ቢዝነስ የሚያስብ ደግሞ ካልኩለስ ሊጠየቅ ስለሚችል ወደ 261 ወይም 263 የሚወስደውን መንገድ ከመጀመሪያው መያዝ አለበት። «ቀላሉን ልውሰድና ልገላገል» ያለ ሰው ሜጀር ሲቀይር ሂሳቡን ከታች ይጀምራል።

ኢንግሊሽ 111ን ወደ ኋላ አይግፉት፤ ብዙ ኮርስ ያለ እሱ አይከፈትም። ኢትዮጵያ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሰዋስው ሳይሆን የድርሰቱ አደረጃጀት ነው የሚያስቸግረው። እኛ ዘንድ ሰፋ ካለ መግቢያ ተነስቶ ዋናውን ሐሳብ መጨረሻ ላይ መግለጥ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እዚህ መምህሩ የመከራከሪያ ሐሳቡን በመጀመሪያው አንቀጽ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ አንቀጽም ለእሱ ማስረጃ ማምጣት አለበት። የሰው ሐሳብ በራስ ቃል ቢጻፍም ምንጩ ካልተጠቀሰ እንደ ስርቆት ይቆጠራል። የተሠራ የቤት ሥራ ለጓደኛ ማዋስም ሁለቱንም ያስቀጣል። ረቂቅዎን ከማስረከቢያው ቀን አራት አምስት ቀን ቀድመው ወደ ኮሌጁ ራይቲንግ ሴንተር (ድርሰት የሚያግዙበት ቢሮ) ይውሰዱ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው።

የኢኤስኤል (እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው የሚሰጡ) ኮርሶች ባብዛኛው ወደ ዲግሪው አይቆጠሩም፤ የፋይናንሻል ኤይድ (የትምህርት ገንዘብ እርዳታ) ዕድሜ ግን ይበላሉ። ስለዚህ የምደባ ፈተናውን «ለማየት ያህል» አይውሰዱ፤ ተዘጋጅተው ይግቡ።

የውጭ ቋንቋን በተመለከተ፣ ስፓኒሽ 101 ከመመዝገብዎ በፊት ዩኒቨርሲቲው አማርኛ በፈተና ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ። አክትፍል የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ድርጅት የቃል ፈተና በአማርኛም ይሰጣል። ግዴታው ተነሳ ማለት ግን ክሬዲት ተሰጠ ማለት ላይሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ የጎደለውን በሌላ ኮርስ ይሞላሉ።

ገንዘብና ሰዓት

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) መሙላት ይችላል። በ2025–26 የፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) ጣሪያ 7,395 ዶላር ነው፤ በዕድሜ ልክ የሚፈቀደውም ሙሉ ጊዜ ለሚማር 12 ሴሚስተር ያህል ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ሰው ፔል አያገኝም፤ ዲግሪው ከውጭ አገር መሆኑ አይለውጠውም፤ መደበቅም የከፋ ጣጣ ያመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ከኮሙኒቲ ኮሌጅ ከመጀመሩ በፊት ትራንስክሪፕቱን በኮርስ ደረጃ ማስገምገም ይሻለዋል፤ ምናልባት ማስተርስ ሊያስገባው ይችላል።

በነዋሪ ክፍያ ለመማር ቨርጂኒያ ቢያንስ 12 ወር መኖርን ትጠይቃለች። በዲቪ የመጣ ሰው መንጃ ፈቃዱን፣ የቤት ኪራይ ውሉንና የግብር ወረቀቱን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቢሰበስብ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ለእያንዳንዱ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍል፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ንባብና የቤት ሥራ ይታሰብ። 15 ክሬዲት 45 ሰዓት ነው። ሙሉ ጊዜ እየሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ኡበር እየነዳ 15 ክሬዲት የሚወስድ ሰው ጥቅምት ላይ ይወድቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ትላልቅ ድርሰቶችና ሚድተርም የሚገጥሙት ያኔ ነውና። ለእሱ 6 ወይም 9 ክሬዲት ይበቃል። ፔልም እንደ ክሬዲቱ መጠን ተቀናሽ ሆኖ ይሰጣል።

ኮርስ ካልሄደልዎት ገንዘብ የሚመለስበትን ቀን ሳያልፍ ይውጡ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ደብልዩ» (ከኮርሱ መውጣትን የሚያሳይ ምልክት) ጂፒኤ አይነካም፤ ነገር ግን ከወሰዱት ክሬዲት ያጠናቀቁት ብዙ ኮሌጆች ከሚጠይቁት 67 በመቶ በታች ከወረደ ፋይናንሻል ኤይድ ይቋረጣል። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሁሉንም ኮርስ ጥሎ የወጣ ሰው ደግሞ ከተሰጠው እርዳታ ከፊሉን እንዲመልስ ይጠየቃል። በ«ዲ» ያለፉት ኮርስ ባብዛኛው አይዛወርም፤ «ሲ» ዝቅተኛው ነው።

የመጨረሻው ዓመት

ለመስከረም ወይም ነሐሴ ለመግባት የሚያመለክት ሰው ዝግጅቱን ከዓመት በፊት ይጀምራል። ፋፍሳ በተለመደው አሠራር ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ሊዛወሩባቸው ያሰቡባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ኮድ በሙሉ ያስገቡ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ መኸር ላይ ይዘጋል፣ ዩቪኤ እስከ ማርች 1 ይቀበላል። የድጋፍ ደብዳቤ ከሚጽፍልዎት መምህር ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድመው ይጠይቁ፤ ጥሩ ውጤት ያገኙበትን ድርሰት አብረው ይላኩለት።

ከ60 ክሬዲት በላይ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ውስጥ መቆየት ብዙም አያዋጣም። የ300 እና 400 ደረጃ (የሦስተኛና አራተኛ ዓመት) ኮርሶች ኮሙኒቲ ኮሌጅ አይሰጡም፤ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓትም ከኮሙኒቲ ኮሌጅ ለዲግሪው የሚይዘው እስከ 70 የሴሚስተር ክሬዲት ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር ምረቃው ነው። ብዙ ኮሌጆች ተማሪው ካላመለከተ ዲግሪውን አይሰጡም። በቀነ ገደቡ የምረቃ ፎርም ያልሞላ ሰው ስምምነቱ ዲግሪ የሚጠይቅ ከሆነ የተረጋገጠ ቅበላውን ሊያጣ ይችላል። የመጨረሻው ሴሚስተር ውጤት ከገባ በኋላም የመጨረሻ ትራንስክሪፕት እንደገና ይላካል፤ በመካከል የተላከው አይበቃም።

ዩኒቨርሲቲው የክሬዲት ግምገማውን ሲልክልዎት የእያንዳንዱን ኮርስ ቦታ ከወረቀትዎ ጋር ያመሳክሩ። ኢሌክቲቭ ተብሎ የተጣለ ኮርስ ካዩ ይግባኝ ይጠይቁ። ይግባኙን የሚያሸንፈው ባብዛኛው የኮርሱ ሲለበስ ነው፦ ሳምንታዊ ርእሶቹ፣ የተነበበው መጽሐፍ፣ የድርሰቶቹ ርዝመት። ለዚህ ሲባል ከመጀመሪያው ሴሚስተር አንሥቶ የእያንዳንዱን ኮርስ ሲለበስ በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የኮሌጁ ገጽ ሊዘጋ ይችላል። ይግባኙን ለአድሚሽን ቢሮ ሳይሆን ኮርሱን ለሚያስተምረው ዲፓርትመንት ይላኩ፤ አድሚሽን ቢሮው መልሶ ወደዚያው ነው የሚልክዎት።