ሰማያውያን የሚዘምሩበትን ልብ ወለድ እንደ ቅኔ መፍታት

በዋሸራ ወይም በጎንጅ የቅኔ ጉባኤ የዋለ ሰው ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን የተቀመጡበትን ቅኔ፣ ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ ከሆነው ውስጠ ወይራ ለይቶ ያውቃል። ሰማያውያን ፍጡራን የሚዘምሩበት ምናባዊ ልብ ወለድ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጠ ወይራ ወገን ነው፤ ደራሲው ቅዱስ መጽሐፍን በስም ሳይጠራ ጥላውን ብቻ በገጹ ላይ ያሳልፋል። ስለዚህ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ተሰባስበው እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ለሚያነቡ ወጣቶች የምመክረው መንገድ ከቅኔ ቤቱ አፈታት የተቀዳ ነው።

መጽሐፉን በመጀመሪያ እርሳስ ሳይዙ፣ ለታሪኩ ሲሉ ብቻ ያንብቡት። ሁለተኛ ሲመለሱ ዝማሬ በተነሣበት ቦታ ሁሉ ግሱን ያስምሩበት፤ የቅኔ ተማሪም ግሱን ሳያጠና ወደ ምስጢሩ አይሻገርም። መጠየቅ ያለበት ዝማሬው ምን ያህል ያማረ እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚሠራ ነው፤ ያመሰግናል፣ ያበሥራል፣ ይመሰክራል ወይስ ይፈጥራል?

ቀጥሎ ግሱን ከቅዱስ መጽሐፉ ንባብ ጋር ያስተያዩ። በኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ስድስት ክንፍ ያላቸው ሱራፌል አንዱ ለአንዱ እየጮኹ «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ይላሉ፤ ከድምፃቸው የተነሣ የመድረኩ መሠረት ይናወጣል፣ ቤቱም ጢስ ይሞላዋል። ማኅሌት የቆመ ሰው ቀኝና ግራ ሆኖ መቀባበል ምን እንደሆነ ስለሚያውቅ ይህ ክፍል ቶሎ ይገባዋል። በሉቃስ ምዕራፍ 2 መልአክ ለእረኞች የምሥራች ያሰማል፣ የሰማይ ሠራዊትም ከእርሱ ጋር ሆነው እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ፤ በራእይ ምዕራፍ 5 ደግሞ ኅዳር 24 ቀን የምናስባቸው ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ በገናና ዕጣን የሞላበት የወርቅ ዕቃ ይዘው ይታያሉ። እነዚህ ግልጽ ስለሆኑ ብዙ አያደክሙም።

የሚያደክመውም የሚያረካውም ኢዮብ 38፥7 ነው። በዚያ የምድር መሠረት ሲጣል አጥቢያ ከዋክብት በአንድነት ይዘምራሉ፣ የእግዚአብሔር ልጆችም እልል ይላሉ። ልብ ይበሉ፤ ዘማሪዎቹ ምስክሮች እንጂ ግንበኞች አይደሉም። መጽሐፈ ኩፋሌም በምዕራፍ 2 መላእክት በመጀመሪያው ቀን ተፈጥረው የፈጣሪን ሥራ ሲያዩ እንዳመሰገኑት ይናገራል፤ ሥራው ይቀድማል፣ ምስጋናው ይከተላል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን ካረፈ በኋላ በ1977 እ.ኤ.አ. የታተመው «ሲልማሪሊዮን» ይህን ለመለማመድ እጅግ ይመቻል። በመክፈቻው አይኑር የተባሉ መናፍስት ፈጣሪያቸው ኢሉቫታር በሰጣቸው ሐሳብ ላይ ይዘምራሉ፣ የዓለሙም መልክ በዜማው ይነደፋል። የቸኮለ አንባቢ «እንግዲህ ዓለምን መላእክት ፈጠሩት» ብሎ ይዘጋዋል። ግሱን የተከተለ አንባቢ ግን ዝማሬው ካበቃ በኋላ ዓለሙ ገና ራእይ ብቻ እንደነበረ፣ ህልውና ያገኘውም ፈጣሪው ራሱ «ይሁን» የሚል ቃል ሲናገር እንደሆነ ያስተውላል። ደራሲው የኢዮብን ዝማሬ ከመሠረቱ መጣል በፊት አስቀደመው፣ የዘፍጥረትን ቃል ግን ከባለቤቱ አልነጠቀም፤ በእኔ አስተያየት የዚያ መጽሐፍ ወርቁ ያለው በዚህ ስፌት ላይ ነው።

ዜማው የሚበላሽበትን ቦታም ለይተው ያንብቡ። ሜልኮር የተባለው ኃያል የራሱን ዜማ አስገብቶ ኅብሩን ሲያውክ፣ የእኛ አንባቢ ወዲያው ሳጥናኤልን ያስባል። ሊቃውንቱ ሳጥናኤል የመላእክትን ምስጋና ተቀብሎ የሚያቀርብ አለቃ እንደነበረ፣ ምስጋናውን ለራሱ በወሰደ ጊዜም ቅዱስ ገብርኤል «ንቁም በበህላዌነ» (በየህላዌያችን ጸንተን እንቁም) ብሎ ነገዶቹን እንዳጸና ያስተምራሉና። መመሳሰሉ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም እንግሊዛዊው ደራሲ ከእኛ ትርጓሜ ቀዳ ለማለት አያበቃም። ከጮቄ የሚወርዱ ወንዞች ውኃቸው ቢመሳሰል አንዱ ከሌላው ስለ ተቀዳ አይደለም፤ እዚህም በኢሳይያስ ምዕራፍ 14 ስለ ወደቀው የንጋት ልጅ የተነገረው ቃል ለሁለቱም ቅርብ ነው።

በዚሁ ምክንያት የራስዎን ጆሮም ይጠርጥሩ። ቅዱስ ያሬድ ዜማን ከሰማይ እንደ ተማረ እየሰማን ስላደግን፣ ወፍ በዘመረበት ገጽ ሁሉ ያሬድን መፈለግ ይቀናናል። ክንፍ ብቻውን፣ በገና ብቻውን ወይም ሦስት ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እኔ ቢያንስ ሁለት ምልክቶች እንደ ንባቡ ባለ ቅደም ተከተል ካላገኘሁ በማስታወሻዬ አልጽፍም። ከጻፉ በኋላ ልብ ወለዱና ንባቡ የሚለያዩበትን ነጥብ ከሥሩ ያክሉበት፤ ሳይለያዩ የቀሩ ከሆነ ደራሲው ገልብጧል ማለት ነውና ብዙ የሚፈታ ነገር አይኖርም።

ለመጀመሪያው ስብሰባ በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሲ. ኤስ. ሉዊስ «የአስማተኛው የወንድም ልጅ» ይምረጡ። በዚያ ዓለምን በዝማሬው የሚያስገኘው አንበሳ ነው፣ ከዋክብትም በጨለማው ውስጥ በአንድ ጊዜ በርተው አብረውት ይዘምራሉ። ኢዮብ 38ን፣ ዘፍጥረት 1ንና የይሁዳ አንበሳ የተጠቀሰበትን ራእይ 5ን ለሦስት አንባቢዎች ያከፋፍሉ፤ እያንዳንዳቸውም የደረሳቸውን ንባብ ከልብ ወለዱ ገጽ ጋር እያስተያዩ፣ ግሱ የት እንደሚገጥምና የት እንደሚለይ በተራ ጮክ ብለው ያንብቡ።