ራስልንና ቻምበርሌንን እንዴት እናወዳድር?

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ቡና እየተጠጣ ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾቹ ከቢል ራስልና ከዊልት ቻምበርሌን ማን ይበልጣል የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ በነጥብ ብዛት አይጀምሩ፤ በነጥብማ ቻምበርሌን እ.ኤ.አ. በ1962 በአንድ ጨዋታ ብቻ 100 ስላስቆጠረ ወሬው ወዲያው ያልቃል። ይልቁንም የሁለቱን የሥራ ድርሻ ይለዩ። ራስል የቦስተን ሴልቲክስን መከላከል እየመራ በ13 የውድድር ዘመናት 11 ዋንጫ ሲያነሳ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አሠልጣኝነትን ከተጫዋችነት ጋር ደርቦ ነው ያገኘው፤ ቻምበርሌን ያነሳው ሁለት ነው። ዋንጫ የቡድን ስለሆነ ግን አብረዋቸው የተሰለፉትንም ይመዝኑ፤ እኔ ይህን ካየሁ በኋላም ወደ ራስል አደላለሁ። በሪባውንድ (ስቶ የተመለሰን ኳስ በመያዝ) ቻምበርሌን 23,924 ለ21,620 ይበልጣል። ወደ ቅርጫቱ ሲወረወሩ የታገዱ ኳሶች በዘመናቸው በይፋ ስላልተመዘገቡ፣ የቆዩ የጨዋታ ፊልሞችን ይመልከቱ፤ ራስል ያገደውን ኳስ ወደ ውጭ ከመስደድ ይልቅ ለጓደኞቹ ሲያደርስ ያዩታል።