ተማሪው ኮዱን እንዴት እንደሚጽፍ ኤአይን ስንጠይቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ይህ በድሬዳዋ ኮዲንግ ለምታስተምሩ ነው። የቤት ሥራ ከመስጠታችሁ በፊት ተማሪው የት ጋ እንደሚሰናከል ቻትጂፒቲን ወይም ጀሚናይን መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው። መልሱን እንዳለ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፣ ሞዴሉ (ኤአይው) ራሱ የሚጽፈውን ኮድ የተማሪው አድርጎ ማየት ነው። ሞዴሉ በብዛት ያየው የሚሠራ ኮድ ነው። «ጀማሪ ሆነህ ጻፍ» ብትሉትም ጥንቅቅ ያለ ኮድ ይጽፍና መሃሉ ላይ አንዲት ጨዋ ስህተት ጣል ያደርጋል። የእውነት ጀማሪ እንዲህ አይሳሳትም። የባጃጅ ሂሳብ ደምር ስትሉት፣ ፓይተን (የኮድ ቋንቋው) በኢንፑት የሚቀበለው ጽሑፍ እንጂ ቁጥር አለመሆኑን ይረሳና 15 እና 20 ብር 1520 ይሆንበታል። ከዚያ ስህተቱን ሲፈልግ ደህና የነበረውን መስመር ያጠፋል። ያለፉት ተማሪዎች የጻፉትን አራት አምስት ኮድ፣ ስማቸውን አጥፍታችሁ፣ ከጥያቄው ጋር ብትሰጡት ግምቱ ወደ ክፍላችሁ ይጠጋል።

ሁለተኛው የእኛን ሰዓት መርሳት ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ ፕሮግራም አዘዛችሁ እንበል። ሳቢያን ሰፈር ያለ ልጅ ቀድሞ የሚመጣለት 6 መቀነስ ነው። ኮምፒውተሩ 8 ሲል ቆንጆ 2 ያገኛል። ለ3 ግን ኔጌቲቭ 3፣ ለ6 ዜሮ፣ ለ20 ደግሞ 14 ይወጣለታል። እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ስህተቶች ናቸው፤ አንዱን ያረመ ልጅ ሌላው ላይ ይወድቃል። ሞዴሉ ልጆቹ የት እንደሚኖሩ ካልተነገረው ይህን መጠበቅ ዘበት ነው። ስለ ወራት ፕሮግራም ስታዝዙ ጳጉሜም ያው ናት።

አንዴ ጠይቆ መተውም አለ። አንድ መልስ የአንድ ልጅ ግምት ነው። ደጋግማችሁ ጠይቁት፣ ቴምፕሬቸሩንም (መልሱ ምን ያህል እንደሚለያይ የሚወስነውን ቅንብር) ከፍ አድርጉ። ያም ሆኖ የክፍላችሁን ያህል የተለያየ መልስ አትጠብቁ።

በታወቀ ጥያቄ መፈተንም አያዋጣም። የኮዲንግ ትምህርት ተመራማሪው ኤሊየት ሶሎዌይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስታወቀው «የዝናብ ጥያቄ»፣ 99999 እስኪገባ ድረስ ቁጥር እየተቀበሉ አማካዩን ማውጣት፣ ብዙ ተጽፎበታል። ሞዴሉ እዚያ ላይ በትክክል ቢገምት አንብቦት ይሆናል።

የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ማየት ደግሞ መንገዱን ይደብቃል። ልጁ ኮዱን ባስኬደ ቁጥር ኮፒው ቢቀመጥ፣ ሞዴሉን «ቀጥሎ የትኛውን መስመር ይነካል?» ማለት ይቻላል። ኮምፒውተር ላብ ውስጥ ማን ጋ ቀድማችሁ መሄድ እንዳለባችሁ የሚጠቁመው ይኸኛው ጥያቄ ነው።