በርሊን ለሚገባ አዲስ ተማሪ፦ ከአድራሻ ምዝገባ እስከ ፈተና

ለትምህርት በርሊን የሚገባ ተማሪ ከቪዛው ቀጥሎ ሊያስብበት የሚገባው ነገር አድራሻ ነው። የግብር መለያ ቁጥር፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በአብዛኛው የባንክ ሂሳብ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ሳይቀር የሚገኙት አንሜልዱንግ የሚባለው የአድራሻ ምዝገባ ከተጠናቀቀ በኋላ ስለሆነ፣ ይህ አንድ ወረቀት ከዘገየ ሌላውም ተከታትሎ ይዘገያል። ብዙዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ብርዱና ስለ ቋንቋው ነው፤ ለሁለቱም ጊዜ አለ፣ ለአድራሻው ግን የለም።

ቤት ፍለጋው መጀመር ያለበት ገና አገር ቤት ሳሉ፣ የመግቢያ ደብዳቤው በእጅዎ በገባበት ዕለት ነው። የተማሪ ማደሪያዎችን የሚያስተዳድረው ስቱዲሬንደንቬርክ በርሊን የተባለው ተቋም ሲሆን፣ ኪራዩ ከግል ቤት ቢቀንስም ተጠባባቂው ብዙ በመሆኑ አንድ ሰሚስተርና ከዚያ በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። ስለዚህ ማመልከቻዎን ካስገቡ በኋላ ጎን ለጎን ቬጌ በሚባለው አኗኗር፣ ማለትም ከሌሎች ጋር በደባልነት በሚያዝ ቤት ውስጥ፣ አንድ ክፍል ይፈልጉ። ነባሮቹ ተከራዮች አዲሱን ደባል የሚመርጡት ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጠው፣ ሻይ እየቀዱ፣ ስለ ጽዳት ተራና ስለ ማታ እንግዳ እየጠየቁ ነው። ነገሩ ወግ ቢመስልም ምርመራ ነው፤ በእኛ ዘንድ ጨዋነት የሚባለው ቁጥብነት እዚያ ፍላጎት እንደ ማጣት ሊቆጠር ስለሚችል፣ ስለ ራስዎ ዘርዘር አድርገው ይናገሩ፣ እርስዎም ይጠይቁ።

ውጭ አገር ስላለሁ ቤቱን ማሳየት አልችልም፣ መያዣውን ከላክህልኝ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ ብሎ የሚጽፍልዎ ሰው አጭበርባሪ ነው፤ የፓስፖርቱን ፎቶ ቢያያይዝልዎም ያው ነው። ክፍሉን እርስዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ሳያየው ገንዘብ አይላኩ። በማስታወቂያው ላይ ምዝገባ አይቻልም የሚል ከተጻፈበት ደግሞ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ለአዲስ ገቢ ተማሪ የሚሆን ቤት አይደለም። ዘመድ ቤት የሚያርፉ ከሆነ፣ በእርግጥ እዚያ የሚኖሩ እስከሆነና ቤቱን ያከራየው ወገን ማረጋገጫ እስከሰጠ ድረስ በዚያው አድራሻ መመዝገብ ይቻላል፤ በማይኖሩበት ቤት ለስሙ ብቻ መመዝገብ ግን በሕግ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው።

ኪራይ ሲነገርዎ ካልትሚተ ነው ወይስ ቫርምሚተ ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው የክፍሉ ኪራይ ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው የማሞቂያና የሌሎች የጋራ ወጪዎችን ክፍያ ይጨምራል፤ መብራትና ኢንተርኔት ግን ከሁለቱም ውጭ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። መያዣ በሕግ ከሦስት ወር ካልትሚተ መብለጥ አይችልም፤ ተከራዩም በሦስት ተከታታይ ወሮች ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው።

ቤት ከገቡ በኋላ ለምዝገባ የተሰጠዎት ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። ምዝገባው የሚፈጸመው ቡርገርአምት በሚባለው የነዋሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ በበርሊን ትልቁ ችግር ቀጠሮ ማግኘት ነው። ጽሕፈት ቤቱ የግድ የሚኖሩበት ወረዳ መሆን የለበትም፤ ከከተማዋ ዳር ያለውም ቢሆን ክፍት ቀጠሮ ካለው ይያዙት። ሌሎች የሰረዟቸው ሰዓቶች በማለዳ ስለሚለቀቁ የቀጠሮውን ገጽ ጠዋት ጠዋት ደጋግሞ መክፈት ያዋጣል። በዕለቱ ፓስፖርትዎን፣ የተሞላውን ቅጽና አከራዩ የፈረመበትን የመግባት ማረጋገጫ ይዘው ይቀርባሉ፤ የኪራይ ውሉ ብቻውን አይበቃም። ቀጠሮው 14:00 ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት መሆኑን አይዘንጉ፣ ከሰዓቱም አሥር ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ።

ስምዎን በፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው፣ አንዲት ፊደል ሳያጓድሉ፣ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አድርገው ይጻፉ። የጀርመን ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፣ የእኛ ስም ደግሞ የአባትና የአያት ነው፤ አንድ ጊዜ የአባትን፣ ሌላ ጊዜ የአያትን ስም በቤተሰብ ስምነት የሞላ ተማሪ በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። በዚሁ ስም የፖስታ ሳጥንዎ ላይ ወረቀት ይለጥፉ፤ በደባልነት ሲገቡም የእርስዎ ስም ከነባሮቹ ስም ሥር መታከል አለበት። ፖስተኛው የሚያየው የክፍል ቁጥር ሳይሆን ስም ነው፣ ስሙን ካላገኘ ደብዳቤውን ይመልሰዋል፤ የግብር መለያ ቁጥርም ሆነ የባንክ ካርድ የሚመጣው ደግሞ በፖስታ ነው።

ወደ ገንዘብ ስንመጣ፣ ለቪዛ ሲባል የሚከፈተው ሽፔርኮንቶ የተባለው ዝግ ሂሳብ እ.ኤ.አ. ከ2024 መስከረም ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ እንዲይዝ የተወሰነ ሲሆን፣ በየወሩ የሚለቀቀው 992 ዩሮ ነው። ብዙ ተማሪ የማያስበው ነገር ገንዘቡ መለቀቅ የሚጀምረው እዚያ ደርሰው መደበኛ የባንክ ሂሳብ ከከፈቱ በኋላ መሆኑን ነው፤ በዚህ መካከል ኪራይ፣ መያዣና የሰሚስተር ክፍያ ስለሚደራረቡ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሆን ሌላ ገንዘብ ይዘው ይሂዱ። የጤና መድኅን ሳይኖር ዩኒቨርሲቲው አይመዘግብም፤ የሕዝብ መድኅኑ የተማሪ ተመን በወር ከ140 ዩሮ በላይ ሲሆን፣ ዕድሜው 30 ዓመት የሞላው ተማሪ በዚህ ተመን መግባት ስለማይችል አማራጩን አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ከምዝገባው በኋላ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ ደብዳቤ ይደርስዎታል። ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አይሠራም፤ ሆኖም ክፍያው በቤት እንጂ በሰው ስላልሆነ፣ ከደባሎችዎ አንዱ የሚከፍል ከሆነ የእርሱን የመዋጮ ቁጥር ጠቅሰው መልስ ይስጡ።

ኑሮው ራሱ ቶሎ ይለመዳል። ባቡር ጣቢያው በር የለውም፣ ተቆጣጣሪዎቹ ግን ተራ ልብስ ለብሰው ይሳፈራሉ፤ ትኬት የሌለው 60 ዩሮ ይቀጣል። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ መግዛት ለረሳ ሰው በዋናው ባቡር ጣቢያ ያሉት ክፍት ናቸው። ለጿሚ ተማሪ ደስ የሚለው፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ምግብ ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2021 ጥቅምት ወዲህ አብዛኛውን ምግባቸውን ያለ ሥጋና ያለ እንስሳት ተዋጽኦ ማዘጋጀታቸው ነው፤ ሁዳዴ ላይ ከአገር ቤት ካፌ ይልቅ በርሊን ይቀላል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በትምህርቱ በኩል አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ውጤቱ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሰቃይ የሆነው 4.0 በጀርመን የመጨረሻው የማለፊያ ውጤት ሲሆን፣ ከሁሉ የሚበልጠው 1.0 ነው። ለትምህርቱ መመዝገብ በአብዛኛው ለፈተናው መመዝገብ ማለት አይደለም። ለፈተና ለብቻው፣ በተወሰነው ቀን ውስጥ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ተመዝግቦ ሳይሰርዝ የቀረ ተማሪ፣ የሐኪም ማስረጃ ካላቀረበ፣ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። የሚፈቀደው ሙከራ በአብዛኛው የተወሰነ ነው፤ ሲሟጠጥም ከትምህርት ክፍሉ ያስወጣል፣ የመኖሪያ ፈቃዱንም አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ የክፍሉን የፈተና ደንብ በመጀመሪያው ወር ያንብቡ።

ሥራን በተመለከተ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጋቢት ወዲህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይችላል። የሠሩበትን ቀን በደብተር ይመዝግቡ፣ የደመወዝ ወረቀቶችንም አይጣሉ። የመኖሪያ ፈቃዱን ማመልከቻ ለከተማዋ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በኢንተርኔት የሚያስገቡት ቪዛው ከማብቃቱ በፊት ነው፤ ማመልከቻውን ማስገባትዎን የሚያረጋግጠውን ሰነድም አትመው ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩ።